ዲግሪና ማቀዝቀዣው

የእህቴን ባል «ዲግሪ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ስሙ ከወጣ በኋላ ግን እናቴ ነጥቃኝ የራሷ አደረገችው።

እህቴን ላግባ ብሎ የመጣ ጊዜ እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጠየቀችው። «ዲግሪ አለህ?» አለችው። ሰውየው ኮሌጅ ገብቶ ሁለተኛ ዓመት ላይ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የወጣ ነውና «የለኝም» አላት። አልዋሸም። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ቋንቋ ያስተማረች ጡረተኛ መምህርት ናት። ልጇን ሰጠችው፤ ፊት ግን አልሰጠችውም።

ሰውየው የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ይቀርጻል፤ የቀረጸውንም መኝታ ቤቱ ጥግ ባለው ኮምፒውተር ያቀናብራል። ኮምፒውተሩ እያረጀ ሲሄድ ትኩሳት ያዘው። ማራገቢያው ያጓራል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ድርግም ይላል። አማቻችን ታዲያ የሙቀቱን ቁጥር እየተከታተለ ለቤተሰቡ ማወጅ ጀመረ። «ሰማንያ ዲግሪ!» ይላል ከመኝታ ቤት። ትንሽ ቆይቶ «ዘጠና!» ይላል። አንድ ቀን በስልክ ለደንበኛ «ዘጠና አምስት ዲግሪ ደርሶ ነው የወደቀብኝ» ሲል እናቴ ሰማችና ሐኪም ቤት ካልሄድን ብላ ጫማዋን አጠለቀች። የኮምፒውተሩ ነው ብለን አስቀመጥናት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲግሪ አልኩት። እናቴ «በተፈለገ ጊዜ ያልነበረውን፣ አሁን በየሰዓቱ ይቆጥረዋል» አለች፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ቤቱ የእህቴና የዲግሪ ነው፤ ሕጉ ግን የእናቴ ነው። አብራቸው መኖር ከጀመረች ወዲህ ሁለት ሕግ ደንግጋለች። አንደኛው፣ በአማርኛ ስም ያለው ነገር በባዕድ ስም አይጠራም። «ፍሪጅ» ያለ ሰው «አፍህ ምን ነካው?» ይባላል፤ ማቀዝቀዣ ነው። ፋን ማራገቢያ ነው። ፕሮሰሰር የሚባለውን፣ ለኮምፒውተሩ የሚያስብለትን ክፍል እንኳ አንጎል ብላዋለች። «ኮምፒውተር» ላይ ራሷም አቅቷት እንዳልሰማች ታልፈዋለች። «ዲግሪ»ንም አትነካትም፤ ከወደደችው ቃል ጋር አትጣላም።

ሁለተኛው ሕግ ደግሞ፣ አዲስ ዕቃ ላስቲኩ አይነሳም። ሶፋው ከመጣ ጀምሮ ላስቲኩ ውስጥ ነው። የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ ላስቲክ ለብሷል፤ ቁጥሮቹን በዳበሳ ነው የምናውቃቸው። በሞቃት ቀን ሶፋው ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ ራሱን ያሳፍረዋል። «ዕቃ የሚያረጀው ላስቲኩ የተነሳ ዕለት ነው» ትላለች እናቴ።

እናቴ ስኳር አለባት። የምትወጋው መድኃኒት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ፍሪጅ የለም። (ይሄን ስጽፍ ስለማታየኝ ፍሪጅ እላለሁ።) መድኃኒቱ የሚቀመጠው ከመንገዱ ማዶ ካለችው ጎረቤት ዘንድ ነው። እትዬ በረዶ እንላታለን፤ በሌለችበት። ክፉ ሴት አይደለችም። ብቻ የሠራችውን ደግ ሥራ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያውቅላት ትፈልጋለች። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሳህን ይዛ ስታንኳኳ፣ «መድኃኒትሽን ከዓሣው ጀርባ አድርጌዋለሁ! ዛሬስ ቦታም ጠቦኛል!» ስትል መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ዞር ይላል። አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሜ አይቻታለሁ። ስንቱን ተማሪ በአንድ እይታ አስነስታ የምታስቀምጥ ሴትዮ፣ በሩን ከማንኳኳቷ በፊት ሹራቧን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። አንጀቴን በላችኝ። ለሐኪሙ መርፌው እንደማያማት ነግራዋለች። የሚያማት ያ በር ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ዲግሪ የኮምፒውተሩን አንጎል የሚያቀዘቅዝ አዲስ ነገር ሊገዛ የቆረጠው። ከፋብሪካ አብራ የመጣችው ትንሿ ማራገቢያ አልቻለችም፤ ለብቻው የሚሸጥ፣ ትልቅና ብርቱ የሆነ አለ አሉት። እራት ላይ ነገሩን አነሳው።

«ኩለር ልገዛ ነው።»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ምን?»

«ኩለር፣ እማዬ።»

«ምን የሚያደርግ ነገር ነው?»

«የሚያቀዘቅዝ።»

«የሚያቀዘቅዝ ዕቃ በአማርኛ ምን ይባላል?»

ዲግሪ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ልጅ አቀርቅሮ «ማቀዝቀዣ» አለ።

«እንግዲያው አስተካክለህ ተናገር።»

«ማቀዝቀዣ ልገዛ ነው» አለ፣ ጥርት አድርጎ።

እህቴ ከወጥ ቤት የያዘችውን ይዛ ብቅ አለች። የሰማችው ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። እናቴም የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ከአንድ በላይ መኖሩን አታውቅም። እኔም ብሆን አናጺ ነኝ፤ ማቀዝቀዣ ሲባል የታየኝ በር ያለው ነው። ሦስታችንም በደስታ ተያየን።

ከዚያ ወዲያ ዲግሪ ምርምር ውስጥ ገባ። ይህ ሰው ሸሚዝ ሲገዛ ሻጩን አያናግርም፤ ስለ ማቀዝቀዣ ግን ያልጠየቀው ሰው፣ ያላየው ቪዲዮ፣ ያልተከራከረበት መድረክ የለም። የአየሩ ይሻላል ወይስ የውሃው? ባለ አንድ ማራገቢያ ነው ወይስ ባለ ሁለት? ዛሬ የአየሩን መርጦ ይተኛል፤ ሲነጋ የውሃው ወገን ሆኖ ይነሳል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ምረጥ እንጂ» ብዬ ስመክረው «ጋሼ፣ በዚህ ነገር መቸኮል አያስፈልግም» አለኝ።

እህቴ በበኩሏ ትጠይቀዋለች።

«ባለ ውሃው አይሻልም?»

«ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ቀን ቢያፈስ አለቀልን።»

«ከሥሩ ጨርቅ አነጥፍለታለሁ።»

ዲግሪ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማታውኑ ወርክሾፔ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ከተጋባን ጀምሮ ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። አሁን ጨርቅ ላንጥፍ አለችኝ» አለኝ። እሷ ደግሞ በነጋታው «በመጨረሻ ስለ ቤቱ ማሰብ ጀመረ፤ እንቅልፍ አጥቶ ነው የሚመርጠው» አለችኝ። በትዳር ዘመናቸው እንደዚያ ሰሞን ተፋቅረው አያውቁም።

«ድምፅስ?» ትለዋለች።

«አጠገቡ ብትተኚ አትሰሚውም።»

«አጠገቡ ምን አስተኛኝ! ቀለሙስ?»

«ጥቁርም አለ፣ ነጭም አለ።»

«ነጭ ይሁን። መብራት አለው?»

«ባለ መብራትም አለ፤ ግን ለጌጥ ነው እንጂ ጥቅም የለውም።»

እናቴ ጣልቃ ገባች። «እንዴት ጥቅም የለውም? ማታ ማታ በምን ይታያል?»

«እማዬ ካሉ ባለ መብራቱን እገዛለሁ» አለ ዲግሪ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። አማቱ ምርጫውን ስትደግፍ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሌላ ቀን እኔን ጥግ ይዞ «ጋሼ፣ የወደድኩት አንዱ ቁመቱ በአንድ ጣት ይበልጣል። መዝጊያው አይዘጋም» አለኝ። እሱ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ነው የሚለው። እኔ የወጥ ቤቱን በር ይዣለሁ።

«መዝጊያውን ነቅለህ አስገባውና መልሰህ ግጠም።»

«ሲመለስ እኮ ነው የሚነካው።»

«እንግዲያው አጠር ያለ ግዛ። በር አይቀደድም።»

«ልክ ነህ» ብሎ በጣም አመሰገነኝ። ምክሬ በዚያም በዚህም ትክክል ነበር፤ ይሄን አሁንም እላለሁ።

በመጨረሻ ቅዳሜ ይመጣል ተባለ። እህቴ ጠርታኝ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ከታች ግማሹን ቆረጥኩላት። ባዶውን ቦታ ሦስት ጊዜ ወለወለችው። እናቴ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሳህኗን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። ድምፅዋ እስከ ቤት ይሰማ ነበር። «እስከ ዛሬ ላስቸገርንሽ ይቅርታ አድርጊልን። ዛሬ የራሳችን ይገባል።» መድኃኒቷን ይዛ ስትመለስ አረማመዷ ሌላ ነበር። ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ላስቲኩ ተንጫጫ።

እኔ ለሸክም ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ በር ላይ ቆምኩ። ዲግሪ መጣ። ብብቱ ሥር የጫማ ካርቶን የሚያህል ነገር ይዟል፣ ፊቱ በፈገግታ ሞልቷል። እህቴ በትከሻው አሻግራ መንገዱን አየች።

«ሌላውስ?»

«የቱ ሌላው?»

«ማቀዝቀዣው ነዋ!»

«ይኸው!» ብሎ ካርቶኑን ከፍ አደረገው።

እህቴ ካርቶኑን አየች። «ይሄ ምኑ ነው? እጀታው ነው?»

ዲግሪ ግን ገና ደስታው አልበረደም። ካርቶኑን ከፍቶ በስስ ብረቶች የተደረደረ፣ ግራና ቀኝ ነጭ ማራገቢያ ያለው ነገር አወጣ። «ስድስት የመዳብ ቧንቧ አለው፣ እማዬ! ባለ መብራት ነው፣ እንዳሉኝ!»

«ውስጡ ምን ይገባል?» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ።

«አየር።»

ዲግሪ አንድ በአንድ አየን። ቀጥሎ በወጥ ቤቱ በር አሻግሮ የቆረጥኩትን መደርደሪያና የተወለወለውን ባዶ ቦታ አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳህን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ እኮ… ለአንጎሉ ብዬ…»

«ለአንጎል ከሆነ ልክህን ነው የገዛኸው» አለች እናቴ። እህቴ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ጠረቀመችው። ኮምፒውተሩም እዚያው ነበርና ሰውየው ማቀዝቀዣውን ታቅፎ መግጠሚያ አጣ። እናቴ ትንሽ ቆይታ «ከዛሬ ጀምሮ ያኛው፣ በር ያለው፣ ፍሪጅ ይባላል» ብላ ሕጉን አሻሻለች። አርባ ዓመት የታገለችለትን ቃል በአንድ ቀን አስረከበች። ያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደተጎዳች የገባኝ።

ሳህኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት እየሞቀ ነው። ወደዚያ በር መመለስ የግድ ነው፤ እናቴ ግን አልተነሳችም። እኔም ለመነሳት ሳመነታ ዲግሪ ማቀዝቀዣውን አስቀምጦ ሳህኑን አነሳና ወጣ። በመስኮት ሰማነው።

«ምነው?» አለች እትዬ በረዶ። «ማቀዝቀዣ ገባ አልተባለም?»

ዘገየ ማለት ይችል ነበር። ተበላሽቶ መጣ ማለትም ይችል ነበር።

«ገብቷል፣ እትዬ። ግን ትንሽ ነው። አየር ብቻ ነው የሚይዘው።»

ሳቋ መንገዱን ሞላው። ዲግሪ እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃትና ሳህኑን ሰጣት። እናቴ ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሳችም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሚያንኳኳው እሱ ሆነ፤ ሂድ ያለው የለም፣ ተው ያለውም የለም።

ማቀዝቀዣውን እሑድ ገጠመው፤ እህቴ ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታ፣ እሱ ኮሽታ ሳያሰማ እየፈታ እያሰረ። አበራው። ክፍሉ ቀይ ሆነ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፤ ቁጥሩም ሽቅብ ወጣና መቶ ዲግሪ ደርሶ ድርግም አለ። በድሮዋ ማራገቢያ እንኳ እንዲህ ፈጥኖ አይወድቅም ነበር። ፈትቶ ገጠመው፣ ያው ነው። እሱ ምርጫዬን ተሳሳትኩ አለ።

«ባለ ውሃውን መግዛት ነበረብኝ።»

እህቴ ከግድግዳው ሳትዞር መለሰችለት። «እዚህ ቤት ሁለተኛ ማቀዝቀዣ የገባ ቀን እኔ እወጣለሁ። ፍሪጅ ካልሆነ!»

በሳምንቱ መደርደሪያውን መልሼ ልገጥም ሄድኩ። ቀኑ እሳት ነው። ዲግሪ በሩ ደፍ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል፤ ደንበኞች እየደወሉ ነው፣ አያነሳም። እኔ ደክሞኝ ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ። ብዙም ሳልቆይ ላቡ ከጀርባዬ ይወርድ ጀመር። ልነሳ ስል ላስቲኩ ሱሪዬን ይዞ አስቀረኝ፤ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

«እማዬ፣ ይሄን ላስቲክ ካላነሳሽ እዚህ ቤት ሁለተኛ አልቀመጥም! ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እዚሁ እየቀቀለኝ ነው!»

ዲግሪ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ምን አልክ?»

«እየቀቀለኝ ነው አልኩ!»

«ከዚያ በፊት።»

«ሙቀቱ መውጫ አጣ…»

ዘሎ መኝታ ቤት ገባ። ብሎን ሲፈታ ይሰማናል። ሲመለስ ጣቱ ጫፍ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል ስስ ላስቲክ ተለጥፋለች። ማቀዝቀዣው አንጎሉን በሚነካበት ቦታ፣ መሃል ለመሃል የነበረች ናት። በቀይ «ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ» የሚል ነገር በየቋንቋው ተጽፎባታል። ያን ሁሉ ያነበበ ሰው ይህቺን አላነበባትም። እዚያ ቤት ኖሮ ኖሮ ዓይኑ ላስቲክ ማየት ትቷል።

ሁላችንም እናቴን አየናት። እናቴ ጣሪያውን አየች። መጀመሪያ የሳቀችው እህቴ ናት፤ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ዲግሪም ጣቱን እንደቀሰረ አብሯት ሳቀ። ኩርፊያው በዚያ አበቃ።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ረገበ። «ሃምሳ ስምንት» ይላል ዲግሪ በለሆሳስ፣ ሕፃን ያስተኛ ይመስል። እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ «ጠፍቷል እንዴ?» አለች። አልጠፋም፣ እየሠራ ነው። የተከማቸው ሥራ ሁሉ ተራ በተራ አለቀ። አንዷ ሙሽራ የሠርጓን ቪዲዮ ልትቀበል ስትመጣ ልጇን አዝላ ነበር፤ ተቆጥታ መጥታ አልቅሳ ሄደች።

አንድ ቀን ታዲያ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ሁለት ተሸካሚዎች ትልቅ ካርቶን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ዲግሪ ከኋላቸው ነው። እኔ ከወርክሾፕ ተጠርቼ መጣሁ፤ ለምን መሰላችሁ፣ በስንት መከራ መልሼ የገጠምኩትን መደርደሪያ እንደገና ለመቁረጥ። እየቆረጥኩ ነገር ፈለግኩት።

«ዲግሪ፣ ይሄስ ባለ ምንድን ነው? ድምፁስ? ስንት ወር መረመርከው?»

«አላውቅም ጋሼ። የመጀመሪያው ሱቅ ገብቼ ለመድኃኒት የሚሆን ቅዝቃዜ ይይዛል ወይ አልኳቸው፤ አዎ አሉኝ፤ ገዛሁት።»

ወደ መጋዜ ተመለስኩ።

ፍሪጁ ቦታው ገባ፤ እኔ በለካሁት ልክ ነው የገባው። ሰክተነው ጥቂት ቆየን። በሩ ላይ ቅዝቃዜውን የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች፤ ቁጥር አብርታለች፤ ግን በሩ በሙሉ ላስቲክ ለብሷልና ቁጥሩ ደብዝዟል። እናቴ መነጽሯን አደረገች። ተጠጋች፣ ራቀች፣ አንገቷን ሰበረች። ዲግሪ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ፤ እሱማ ላስቲክ አይነካም፣ ሕጉን ያውቃል።

እናቴ የላስቲኩን ጫፍ በጥፍሯ ፈለገች። አገኘችው። ከላይ እስከ ታች፣ አንዴ ላጠችው። እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

«አምስት» ብላ አነበበች። ዞር ብላ አማቿን አየችው። «አምስት ምን?»

«ዲግሪ፣ እማዬ።»

መድኃኒቷን በገዛ እጇ አስገባችና ዘጋችው። ከፍታ አየችው፣ ደግሞ ዘጋችው። ከዚያ ሹራቧን ሳታስተካክል፣ ጉሮሮዋን ሳትጠርግ መስኮቱን ከፈተች።

«አንቺ!» አለች ወደ መንገዱ ማዶ። «ነይ፣ የልጄን ዲግሪ እይልኝ!»

እትዬ በረዶ ብቅ አለች። የቱን ልጅ ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት ዓይኗ ከእኔ ወደ ዲግሪ ሄደ፤ እኔ አይደለሁም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ዲግሪ ደግሞ መሬት መሬቱን ያያል፣ ጆሮው ቀልቷል።

«እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ! በምን ተመረቀ?»

«በማቀዝቀዣ» አለች እናቴ። «በትንሹም፣ በትልቁም።»